ለጠላትነት የተመደበው ኮሎኔል

ኮሎኔሉ የመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ጠላት ነበር። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሥራው ነው። ኮምፒውተር ሁሉን ነገር ከመውሰዱ በፊት፣ የብሔራዊ ደህንነት ዕቅድ ከመጽደቁ አስቀድሞ በትልቁ የካርታ ጠረጴዛ ላይ ይፈተን ነበር፤ ፈተና ደግሞ ያለ ጠላት አይሆንም። ከመቶ አለቃነቱ ጀምሮ ቀዮቹን የእንጨት ታንኮች የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። በኮሪደር ብቅ ሲል ባልደረቦቹ «ጠላት መጣ፣ ተደበቁ!» ይሉታል።

ጠላት ታዲያ ከምሳ በፊት መሸነፍ አለበት። ማንም ደንብ አድርጎ አልጻፈውም፤ ልማድ ነው። ኮሎኔሉም ዕድሜውን ሙሉ ተሸንፎ፣ የአሸናፊዎቹን እጅ ጨብጦ፣ ምሳውን አጣጥሞ በልቷል።

ጡረታው ሲቃረብ ግን ጄኔራሉ አዲስ ዕቅድ አመጣ። ተጠባባቂው ጦር በሙሉ ከወንዙ ማዶ ይሰፍራል፤ መመለሻው አንድ ድልድይ ብቻ። ኮሎኔሉ ዕቅዱን ባነበበ ቁጥር አንድ ነገር ይታየዋል፦ ድልድዩ ከፈረሰ ጦሩ ማዶ ቀረ። እንደ ልማዱ ከተሸነፈ ዕቅዱ ይጸድቃል፤ የገዛ ልጁ ደግሞ የተጠባባቂው ጦር ነርስ ናት።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ሚስቱ ኮሌታውን እያስተካከለችለት፣ «ዛሬም ጠላት ነህ?» አለችው።

«ምን ላድርግ፣ እንጀራዬ ነው።»

«እንግዲያው የምር ጠላት ሁና!»

ሚኒስትሩ በተገኙበት ጄኔራሉ ሰማያዊ ታንኮቹን ከወንዙ ማዶ ደረደረ። ኮሎኔሉ አንዲት ቀይ አውሮፕላን አንስቶ ድልድዩ ላይ ቁጭ አደረጋት። የፈተናው ዳኛ የሆነው ሻለቃ ግራ ቀኙን አየና «ፈርሷል» ብሎ ድልድዩን ከካርታው አነሳው። ከዚያማ ቀዮቹ ታንኮች ባዶውን ሜዳ እየጋለቡ ዋና ከተማ ገቡ። ሻይ እንኳ ገና አልቀረበም።

«ምን እያደረግህ ነው?» ጄኔራሉ ጮኸ።

«እያሸነፍኩ መሰለኝ፣ ጌታዬ።»

«ለመሆኑ አንተ የማን ወገን ነህ?»

«የጠላት ነኛ! የመደባችሁኝ እናንተ!»

ሚኒስትሩ ሳቃቸውን በመሀረብ ሊያፍኑ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። እሳቸው ሲስቁ ዳኛው ሳቀ፣ ዳኛው ሲስቅ ክፍሉ በሙሉ። ሚኒስትሩ ዕቅዱን አጥፈው ለጄኔራሉ መለሱለት። «እንደገና ይሠራ። ጠላትም አብሮህ ይቀመጥ።»

ኮሎኔሉ የጉልበቱን ሕመም ረስቶ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደና ከጥበቃው ክፍል ቤቱ ደወለ።

«አሸነፍኩ!»

«እሰይ! ማንን?»

«እኛን!»

ሚስቱ በሳቅ እየተንፈቀፈቀች ልጅቱን ስትጣራ በስልኩ ውስጥ ሰማት፦ «አንቺ፣ ነይ ስሚ! አባትሽ ድል አደረገን!»