የሳሚን እናት የማያውቅ ዌብሳይት

«ልጄ፣ አላውቅዎትም አለኝ እኮ! ከእድሩ አስወጣችሁኝ እንዴ?»

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ የሳሚ እናት ደውለው እንዲህ ሲሉኝ፣ የታክሲ ሰልፌን ጥዬ ወደ ቤት ሮጥኩ።

የየካ አባዶ ብሎካችን እድር ዌብሳይት የሚሰራው እኔ ሳሎን ባለ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። እስከ ትናንት ሁላችንም የምንገባው በአንድ ፓስወርድ ነበር። እሱንም ሊቀመንበራችን ስብሰባ ላይ በማይክ አንብበውታል 😀

ስለዚህ ለየአባሉ የራሱን መግቢያ ሰራሁ፤ በመታወቂያ ስም።

ግን የሳሚን እናት በመታወቂያ ስማቸው የሚጠራ ማን አለ? እሳቸውም «የሳሚ እናት» ብለው ነው የጻፉት።

ኮዱን ቀየርኩት፤ አሁን ሁሉም በሚጠራበት ስም ይገባል። መብራት ሳይሄድብኝ መጨረሴ!

መልሰው ሞከሩ፤ ገቡ። «ተመስገን፣ አለሁ ለካ!» አሉኝ።

እናንተንስ ሰፈሩ የሚያውቃችሁ በማን ስም ነው?