ለእትዬ ብዙነሽ መድኃኒት ፍለጋ

ከሻሸመኔ የተነሣነው በማለዳው አውቶቡስ ነው። ታላቅ እህቴ እትዬ ብዙነሽ ግንባሯን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊ ናት። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ አፍንጫዋ ተዘግቶ፣ ወደ ስፌት መኪናዋ ጎንበስ ባለች ቁጥር ግንባሯና ጉንጯ ሊፈነዳ ይደርሳል። ወናጎ ውስጥ እማማ ሣራ የሚባሉ ሴት አንድ ሥር እንደሚሰጡ፣ ሥሩም አፍንጫ ውስጥ ሲገባ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ እንደሚያወጣ ነግረዋታል። ነገሩ ባያምረኝም ብቻዋን ልሰዳት አልሆነልኝም።

ከይርጋ ዓለም ወዲያ ኮረኮንቹ በረታ። መኪናው በዘለለ ቁጥር እትዬ ዓይኗን ትጨፍናለች። ሹፌሩ በመስተዋት አያትና «አሞሻል እንዴ፣ እናቴ?» ብሎ ጉድጓዱን ቀስ እያለ ያልፍ ጀመር። ከኋላ «እዚሁ ልናድር ነው?» ሲሉት አልሰማም።

ዲላ ላይ ቆጮ በጎመን በላን። እትዬ ጥቂት ጎርሳ «ጣዕሙ አልታወቀኝም» አለችና እጇን ታጠበች። ከዚያ ቡና ሊጭን በሚሄድ መኪና ወናጎ ገባን።

ወናጎ

የእማማ ሣራ ቤት እንሰትና ቡና መሐል ነው። አማርኛ የለመዱት ገበያ ላይ በመሆኑ እትዬንም «አንተ» ይሏታል።

«ሥሩን ፈልገን ነው የመጣነው» አለቻቸው።

«ሥር ድሮ እሰጥ ነበር። አንድ ሰው አፍንጫው ደማ፣ ደሙ መቆም እምቢ አለ። ከዚያ ተውኩ። አንተ በቅጠል ታጠን።»

እትዬ አለቀሰች። «ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ለቅጠል ነው?»

እማማ ሣራ አልተቆጡም። እንባዋን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላትና ዳማከሴ ከጓሮ ቆርጠው፣ ከባሕር ዛፍ ቅጠል ጋር በማሰሮ አፈሉ። ማሰሮውን ካወረዱት በኋላ መጀመሪያ የራሳቸውን ፊት ወደ እንፋሎቱ አቀረቡ። «ያቃጥላል፣ ራቅ በል» እያሉ ጋቢ ከራሷ ላይ ጣል አደረጉላት። ከጋቢው ስትወጣ አፍንጫዋ በመጠኑ ተከፍቶ ነበር። እዚያው አደርን።

ጠዋት ግን አንዱ የዓይኗ ቆብ አብጦ ቀልቷል፤ ሰውነቷም ያተኩሳል። እማማ ሣራ ወደ በር አውጥተው አዩዋትና ፊታቸው ተለወጠ።

«አንዴ ብቻ ይድገሙልኝ» አለች እትዬ።

«አልደግምም። ይሄ ለቅጠል አይደለም፣ ለሐኪም ነው። አሁን ሂድ!»

እስከ ዋናው መንገድ እጇን ይዘው ወሰዷት። የጭነት መኪና ሲመጣ መሐል መንገድ ገብተው እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ሹፌሩ እየተቆጣ ወረደ፤ እትዬን ሲያያት ግን ጋቢናውን ከፈተልን።

ዲላ

የክሊኒኩ ድሬሰር የእትዬን ዓይን ገልጦ አየና ወዲያው መርፌውን አዘጋጀ። «ከአፍንጫዋ የተነሣው ቁስለት ወደ ዓይኗ እየሄደ ነው። ብትቆዩ ዓይኗን ልታጣ ትችል ነበር» አለኝ። ፔኒሲሊን እየተወጋች ጥቂት ቀን ዲላ ሰነበትን። እኔም አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ የዓይኗ ቆብ እብጠት ይጎድል እንደሁ ከማየት በቀር ሥራ አልነበረኝም።

እብጠቱ ሲሟሽሽ አንድ ቀን ከክሊኒኩ ስንወጣ፣ እማማ ሣራ እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ለብሶ በሩ ላይ ቆመዋል። ከወናጎ በእግራቸው መጥተው ነው። የእትዬን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ዓይንህ ያየኛል?»

«አየሁዎት፣ እማማ። ደህና አድርጌ አየሁዎት።»

ሁለቱ ተቃቅፈው ሲላቀሱ እኔም አላስቻለኝም። ሲሰናበቱን በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ የዳማከሴ ችግኝ ሰጧት።

ሻሸመኔ

ቤት ከገባን በኋላ እትዬ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ችግኙም ጓሮዋ ጸድቋል። ከዚህ ጉዞ የቀረልኝ ትምህርት፣ መድኃኒት አዋቂ ማለት የእኔ እዚህ ድረስ ነው ብሎ በጊዜ የሚያቆም መሆኑ ነው።

ጉንፋን የያዘው ጎረቤት ሁሉ ቅጠል ሊጠይቅ እትዬ ዘንድ ይመጣል። እሷም ከመቁረጧ በፊት ሰውየውን ወደ ብርሃን አዙራ ዓይኑን ታያለች።