በኖርዌይ ገደሎች መካከል የጠራሁት ስም

ከጉለሌ የወጣሁት በደርግ ዘመን፣ በአንድ የነሐሴ ዝናባማ ማለዳ ነበር። የጉዞው ዓላማ ግልጽ ነው፤ መሥሪያ ቤታችን ስለ ውሃ ኃይል በኖርዌይ በሚሰጥ አጭር ትምህርት ላይ ሁለት ሰዎች እንዲገኙ ወሰነ። አንደኛው እኔ ነበርሁ፤ በወጣትነቴ በዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ተምሬ ወንዝ ስለካ ያረጀሁ። ሁለተኛው ጓድ ታምራት ነበር፤ ስለ ወንዝ የሚያውቀው ጥቂት፣ ስለ እኔ የሚያውቀው ግን ብዙ። መንግሥት ሰው ወደ ውጭ ሲልክ ጠባቂውንም አብሮ እንደሚልክ ያን ጊዜ የማያውቅ አልነበረም።

ባለቤቴ አስካለ እስከ አጥሩ በር ሸኘችኝ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጃችን ዳዊት ከስድስት ዓመት በፊት ከዚያው በር ተወስዶ ተገድሏል። አስከሬኑን አልሰጡንም። በማግስቱ የቀበሌው ሊቀ መንበር መጥቶ «ለፀረ አብዮተኛ አይለቀስም» ብሎን ሄደ። ለቅሶ ሳንቀመጥ ቀረን፤ እናቱም ድምፅ አላወጣችም።

«በል በደህና ግባ» አለችኝ። «እኔን ብለህ፣ እዚያ አፍህን ሰብስብ።»

ቦሌ ስንደርስ ታምራት ፓስፖርቶቹን ከኪሱ ሳያወጣ ሳቅ እያለ፣

«ጋሼ፣ አደራ፤ እንዳይጠፉብኝ። የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለ።

«ሚስቴ ጉለሌ ናት። ሚስቱን አስይዞ የሚጠፋ ሰው መስዬ ከታየሁህ መነጽር ግዛ።»

ወደ ምዕራቡ ጠረፍ

በፍራንክፈርት በኩል ኦስሎ ገባን፤ ከኦስሎ ትምህርቱ እስከሚሰጥባት የጠረፍ ከተማ እስከ በርገን የሄድነው በባቡር ነው። መንገዱ መጀመሪያ በጥድ ደን፣ ኋላም ዛፍ በማይበቅልበት ድንጋያማ አምባ ላይ ያልፋል። በነሐሴ ወር በየጥጉ ያልቀለጠ በረዶ አየሁ። ቤቶቹ ከእንጨት የተሠሩ፣ ቀይና ነጭ የተቀቡ ናቸው። ፍልሰታ ስለ ነበር የባቡሩን ቅቤና አይብ ለታምራት ትቼ ዳቦና ቅቅል ድንች በላሁ። አንድ ስኒ ቡና እኛ አገር ሙሉ ምሳ በሚያበላ ዋጋ ይሸጣል፤ ጣዕሙም ዋጋውን አይመስልም።

ትምህርቱ በመልካም ሁኔታ ተፈጸመ። ለቅዳሜው አስተናጋጆቻችን በፊዮርድ ውስጥ በሚደረግ የመርከብ ሽርሽር ጋበዙን።

በፊዮርዱ ውስጥ

ፊዮርድ ማለት ባሕር በተራሮች መካከል ሰርጎ የገባበት ጠባብና ጥልቅ ሸለቆ ነው። ሐይቅ እንዳይመስለኝ ጣቴን ነክሬ ቀመስሁት፤ ጨው ነው። ትንሿ መርከብ ከወደቡ ስትርቅ ግድግዳዎቹ ከግራና ከቀኝ ቀረቡን። ከላይ ፏፏቴዎች እንደ ተዘረጋ የጥጥ ማግ ቀጥነው ይወርዳሉ። ፀሐይ የምትነካው ጫፎቹን ብቻ ነው። ከታች ብርዱ አጥንት ይሰብራልና ነጠላዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ በካፖርቴ ላይ ደረብሁ።

«ዓባይ ሸለቆን አይመስልም ጋሼ?» አለ ታምራት።

«አይመስልም። ያንን ውሃ ቈረጠው፤ ይህን በረዶ ፋቀው።»

«እርስዎ ደግሞ በሆነ ባልሆነው ማረም ይወዳሉ!»

ሁለቱ ገደሎች እጅግ ወደ ተቀራረቡበት ስንደርስ ካፒቴኑ ሞተሩን አጠፋ። አስጐብኚዋ፣ ሽበታም ደስተኛ ሴት፣ የዚህ ሽርሽር ልማድ መሆኑን ነግራ መንገደኞቹን እየተነሡ እንዲጮኹ ጋበዘች፤ የገደል ማሚቶው ይመልሳል። አንድ ጀርመናዊ የሚስቱን ስም ጠራ፤ ገደሉ ሦስት ጊዜ መለሰለትና ሁሉም ሳቀ። ታምራትም ተነሥቶ ደረቱን ነፋ።

«ኢትዮጵያ ትቅደም!»

«ትቅደም… ትቅደም…» አለ ድንጋዩ።

ፈረንጆቹ አጨበጨቡለት። እሱም ፊቱ በርቶ ወደ እኔ ዞረ። «ይነሡ እንጂ ጋሼ! ምን ያስፈራዎታል?»

ተነሣሁ። ምን እንደምል አላሰብሁም ነበር፤ ከአፌ የወጣው ስም ነው።

«ዳዊት!»

ገደሉ ከግራ መለሰው፣ ከቀኝ መለሰው፣ ከሩቅም አንድ ጊዜ ደገመው። ስድስት ዓመት ሙሉ ያን ስም ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው አልሰማሁም ነበር። እንደ ገና ጠራሁት። «ዳዊት! ልጄ!»

የታምራት ፊት ጠቆረ። «ማን ነው ዳዊት?» አለ እንደማያውቅ ሰው።

«ልጄ ነው። የት እንደ ቀበራችሁት እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኔ አላውቅም።»

«ጋሼ… ይቀመጡ። ሰው እያየን ነው።»

«ይይ።»

ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ፤ በአገራችን ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው ጥለቱን ወደ ላይ መልሼ ትከሻዬ ላይ ጣልሁት። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ በድምፅ አለቀስሁ። አስጐብኚዋ ደንግጣ ስትመጣ ታምራት ቀድሞ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «የባሕር ሕመም ነው» አላት።

«አይደለም» አልሁ በቋንቋዋ ሳይሆን ሁለታችንም በምናውቀው እንግሊዝኛ። «ፍጹም ደኅና ነኝ። ልጄን መንግሥት ገድሎብኝ ማልቀስ ስለ ከለከለኝ እዚህ እያለቀስሁለት ነው።»

ሴትዮዋ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ለቀረው መንገድ ማስረዳቱን ተወችው።

ጉለሌ

ታምራት በመመለሻው አውሮፕላን ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አናገረኝ። «የማየውን ሪፖርት ማድረግ ግዴታዬ ነው» አለ። «እንግዲያው ቃል ሳታጓድል ጻፍ» አልሁት።

ቤት ስደርስ ከሰዓት በኋላ ነበር። አስካለ እግሬን ሳላሳርፍ ምን አየህ አለችኝ።

«ዳዊትን ጠራሁት።»

«በስሙ?»

«በስሙ።»

«ጮኸህ?»

«ጮኼ። አለቀስሁለትም። ታምራትም ሰምቷል።»

«እኔን ትተህ ብቻህን አለቀስህ?» ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ግቢ ወጣችና ጮኸች።

ከውጭ አገር ሰው በገባበት ቤት ጩኸት ሲሰማ የእኛ ጎረቤት የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ መርዶ መጥቷል፤ በባዕድ አገር የሞተ ዘመድ ተረድቷል። ከቁስቋም በታች ያለው ሰፈር ሁሉ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ጎረፈ። የእድራችን ዳኛ አቶ ወልዴ እያለከለኩ ደረሱ።

«እግዜር ያጥናችሁ! የማን መርዶ ነው?»

«የዳዊት» አለች አስካለ።

አቶ ወልዴ ዳዊት መቼ እንደ ሞተ ያውቃሉ፤ ግቢውን የሞላውም ሰው ያውቃል። ማንም ወደ በሩ አልተመለሰም። ሽማግሌው ዓይናቸውን አብሰው ወደ ጎረምሶቹ ዞሩ። «ምን ያስቆማችኋል? ድንኳኑን አምጡ!»

ሊመሽ ሲል አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አንግቶ በሩ ላይ ወደ ቆምሁት ወደ እኔ መጣ።

«አባባ፣ ይህ ድንኳን በማን ፈቃድ ነው የተተከለው?»

«በእናቱ።»

«የማን እናት?»

«የዳዊት።»

«እሱ እኮ የቆየ ነገር ነው!»

«ለቅሶው አዲስ ነው። ከፈለግህ ገብተህ ተቀመጥ፤ ካልፈለግህ ከበሩ ዞር በል፣ ሰው ይገባበታል።»

ሲያመነታ ቆየ። በስተኋላው ሴቶች እያለቀሱ ይመጡ ነበርና መንገድ ለቀቀላቸው፤ ከዚያም ሄደ። ሦስት ቀን ተቀመጥን።

በወሩ ከሥራዬ ተሰናበትሁ፤ ዳግመኛም ከአገር አልወጣሁም። ጉዞው ምን አስተማረህ ለሚለኝ መልሴ ይህ ነው፦ የከለከሉን ሰዎች ጥቂት ነበሩ፤ ክልከላውን በየቤታችን ያለ ደመወዝ ያስከበርንላቸው እኛ ነበርን። እኔና አስካለ ከዚያ ነሐሴ ወዲህ አላስከበርንላቸውም።