ሰላምታ የማያውቅ ድራማ

ባለቤቴ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ከሰሊጥ ነጋዴዎች ጋር በዐረብኛው «ታማም ነህ? ቤተሰቡስ ታማም?» እየተባባለ ደህንነት ሲጠያየቅ ሻዩ የሚቀዘቅዝበት ሰው ነው። አዲሶቹን የቴሌቪዥን ድራማዎች የሚጠላውም ለዚሁ ነው። «እንዴት ዋላችሁ እንኳ ሳይሉ ገብተው ይጣላሉ፤ አሳዳጊ የበደላቸው!» ይላል።

ባለፈው ሳምንት በጎረምሳነቱ ሲጨፍርበት የነበረው ባንድ ከስንት ዘመን በኋላ ተሰባስቦ በቴሌቪዥን ቀረበ። ሽማግሌዎቹ መድረክ ላይ ተቃቅፈው ስለ ጤናቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ሲጠያየቁ ቆዩ። አንድ ዘፈን እንኳ ሳይጀምሩ መብራት ሄደ። እኔን ሳቅ ገደለኝ። እሱ ግን ጠግቦ እንደጨፈረ ሰው እፎይ ብሎ፣ «ሰው ማለት እንዲህ ነው!» አለ።

በማግስቱ ከገበያ ተመለሰ። በሩን በርግዶ ገባና እንዴት ዋልሽ እንኳ ሳይለኝ፣ «ድራማው ጀመረ እንዴ?» አለኝ።