«የላም በረት» ያላልኩበት ምሽት

ልጅ ሳለሁ፣ ሐይቅ ከተማ ዳር በነበረው ቤታችን፣ ማታ ማታ ተረት የሚነግረን የአባቴ አጎት አያ ይመር ነበር። ሥራው ደንገል አጭዶ፣ አስሮ ታንኳ መሥራት ነው። ያኔ ኩራዙ ጣሪያውን እያጠቆረ፣ ፍሙ አመድ ሥር እንደቀላ፣ እሱ «ተረት ተረት» ሲል እኛ «የላም በረት» ካላልን ተረቱ አይጀመርም። ደንቡ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ሐይቁ ውስጥ ሰጠመ። ታንኳው ሲገለበጥ እኔም አብሬው ነበርኩ፤ እኔን አወጡኝ። ለቅሶው ካበቃ በኋላ ያየሁትን ልናገር አፌን በከፈትኩ ቁጥር እናቴ «አብሽሪ» ትለኛለች፣ አያ ይመር ደግሞ ቶሎ ብሎ «ተረት ተረት» ይላል። እመልሳለሁ። ጅቡና አህያይቱ መሀል ይገባሉ፣ የሰይድ ነገር ይቀራል።

አንድ ምሽት መልሱን ከለከልኩት።

«ተረት ተረት!» አለ ደግሞ። «ምነው እሜቴ፣ ዛሬ ኮራሽብን?»

«ሰይድ ውሃው ውስጥ ሆኖ...» ብዬ ስጀምር እናቴ ጭኔን ቆንጥጣ፣ በእኔ ፈንታ «የላም በረት!» ብላ ጮኸች። ሽማግሌው ፊቱን ወደ ፍሙ አዞረ። ከዚያ ጦጣዋ ዛፍ ላይ ወጣች፤ ተረቱ ቀጠለ።

ብዙ አገር ዞሬ፣ የሰው ልብ ስለሚሸከመው ነገር የተጻፈ ብዙ መጽሐፍ አንብቤ፣ ባጃጅ ከተማውን ከሞላው በኋላ ተመለስኩ። እናቴ ዓይኗ ጠፍቶ፣ ጆሮዋ ግን ደህና ነበር።

«እማ፣ ያን ምሽት ለምን አላስጨረስሽኝም?»

«ታንኳውን ያሰረው አያ ይመር አልነበር? አንቺ ብትናገሪ፣ ወላሂ፣ እንዴት ይተኛ ነበር?»

«እኔስ?»

«አንቺማ ልጅ ነሽ፣ ትረሻለሽ ብለን። አብሽሪ።»

ይኸው አረጀሁ፤ ከተረቶቹ አንዱንም አልረሳሁም። መጽሐፎቹ ሁሉ ተናገሪ ይላሉ፤ የሚሰማው ሁሉ ካለቀ በኋላ ለማን እንደሚነገር ግን የጻፈ አላገኘሁም። ለማንኛውም ያቋረጡኝ ነገር ይህ ነበር፤ ሰይድ ውሃው ውስጥ ሆኖ «ደንገሉን እንዳትለቂ» አለኝ። አልለቀቅሁም። እኔን ያተረፈኝ አያ ይመር ያሰረው ደንገል ነው። ቢያስጨርሱኝ ኖሮ እሱም ይተኛ ነበር።