ሪፕ፣ ቴር፣ ሽሬድ

የሚቀደድ ጨርቅ ድምፅ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው እዚህ ዳላስ አጠገብ፣ በሜስኪት ከተማ ካለ አምጣልኝ። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ የእናቷን ነጠላ ጭኗ ላይ ዘርግታ ስትዳብሰው፣ የሳሙናና የአቧራ ሽታው ደረሰኝና ዳላስ የገባሁበት የመጀመሪያ ዓመት መጣብኝ። ባለቤቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል።

ያን ጊዜ አሮጌ ልብስ የመኪና መወልወያ ጨርቅ የሚደረግበት መጋዘን እሠራ ነበር። ከጣሪያው በሚገባው ብርሃን ውስጥ የክር ብናኝ ይንሳፈፋል። አለቃችን፣ ረጅም አሜሪካዊት፣ ትእዛዟ ሦስት ቃል ብቻ ነበር። ሪፕ ስትል ስፌቱን ትተረትራለህ። ቴር ስትል በእጅህ ትቀድደዋለህ። ሽሬድ ስትል ለሚዘለዝለው ማሽን ታጎርሰዋለህ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጥኩት እኔ ሦስቱንም በአንድ ቀን ጨረስኳቸው።

አጠገቤ የምትሠራ የሰሜን ልጅ ነበረች። ቃሉ አልያዝላት ስላለ፣ እስከ ዓርብ ካላወቀች እንደምትሰናበት ተነገራት። ምሳ ሰዓት ላይ አስጠናኋት።

"ሽሬድ ማለት ሥጋ ለቋንጣ እንደሚዘለዘለው ነው።"

"አንተ ደግሞ፣ ከሆድህ ሌላ አታስብም።"

ዓርብ አለቃችን ፊቷ ቆመች። ሪፕ አለቻት፤ ተረተረች። ቴር አለቻት፤ ቀደደች። በመጨረሻ እንከን የሌለው የሕፃን ቀሚስ አቀበለቻትና "ሽሬድ" አለች። ልጅቷ ቀሚሱን አጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችው።

"ገብቶኛል" አለችኝ። "ግን ደህና ልብስ፣ ያውም የሕፃን፣ ይቀደዳል? ነውር አይደለም እንዴ?"

ማንም ሳያስተምረኝ፣ ራሴ በገጣጠምኩት እንግሊዝኛ ተናገርኩላት፤ ቃሉን ታውቀዋለች፣ ቀሚሱን ግን ስትወልድ ለልጇ ታለብሰዋለች አልኩ። አለቃችን ቀሚሱን አየች፣ ልጅቷን አየች። "ኪፕ ኢት"፣ ለአንቺ ይሁን፣ ብላ ሄደች። ልጅቷ ሥራዋንም ቀሚሱንም አተረፈች።

ከሦስት ዓመት በኋላ ያን ቀሚስ የለበሰችው ይህቺው ልጄ ናት። አሁን ራሷ ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷታል። ለአራስ ልጅ ገላ ደግሞ እንደ አሮጌ ነጠላ የሚለሰልስ የለም።

"አባዬ፣ ሹር ነህ፣ ይቀደድ? የእማዬ እኮ ነው።"

"እናትሽ ደህና ልብስ አትቀድድም ነበር። ይሄኛው ግን ሥራ ይዞ ነው የሚቀደደው።"

ጠርዙን በጥርሴ ነከስ አደረግኩት፤ ጥርሴ ገና ሙሉ ነው። ከዚያ በሁለት እጄ ሳብኩት፤ ክሩን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ወረደ። ማሽን እንደዚያ አይቀድድም። አራት የሕፃን መጠቅለያ ወጣው።

ጥለቱን ግን ለይቼ ኪሴ ከተትኩት። ልጄ አይታ እንዳላየች ሆነች።