አባቴ ሁለት አድርገው ያዩኝ ጊዜ

ከደብረ ማርቆስ የተነሳሁት አርሲ፣ ሳጉሬ የሚኖሩትን አባቴን ለማሳከም ነው። እህቴ ደውላ፣ "አባባ አንዱን ነገር ሁለት አድርገው ያያሉ፤ መነጽር ሳያስፈልጋቸው አይቀርም" አለችኝ። ጸሎቴን አድርሼ፣ ዳዊቴን ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርሁ።

አዲስ አበባ አደርሁ። በማግስቱ ከአዳማ ዴራ ድረስ ሙቀቱ አልለቀቀንም፤ ኢተያ ላይ ግን ጋቢዬን ደረብሁ። ስንዴው ደርሶ ኮምባይነሮች መንገዱን ይዘውታል። አሰላ ላይ ሚኒባስ ቀይሬ ከቀትር በኋላ ሳጉሬ ገባሁ።

አባቴ ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠዋል። የግራ ዓይናቸው ቆብ ወድቋል።

"እሰይ! አንዲት ልጅ ስጠብቅ ሁለት ሆነሽ መጣሽ?"

"የትኛዋ ታምራለች፣ አባባ?"

"ሁለታችሁም ከስታችኋል።"

ጎረቤታችን ሐጂ፣ "ምች ነው፤ ዳማ ከሴ ይታሹ" ብለዋቸው ሳምንት ሙሉ ሲታሹ ከርመዋል። እኔ ግን አሰላ ይዣቸው ሄድሁ።

የዓይን ሐኪሙ፣ "ዓይናቸው ጤነኛ ነው፤ የደከመው ዓይንን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ነው" ብሎ ወደ ሆስፒታል ላከን። እዚያ ያገኘናት ሐኪም ስለ ራስ ምታትና ስለ ወገብ ጠይቃ፣ "አባት፣ ሽንትስ ያስቸግርዎታል?" አለች።

አባቴ ወደ እኔ ዞር አሉ። "ኧረ ምንም!"

ቅዳሴ ማስቀደስ ትተው ከደጀ ሰላሙ የሚመለሱት ጉልበታቸውን አሟቸው መስሎን ነበር። ለካ በየደቂቃው መውጣቱ ነው ያሳፈራቸው። "ውሃ ልግዛ" ብዬ ወጣሁ። በአማርኛ ያቃታቸውን በኦሮምኛ አንድ በአንድ ሲናገሩ ከበሩ ውጭ ሰማሁ። ሁለት ዓመት ደብቀውናል።

የደም ምርመራው አዲስ አበባ አስላከን። ናሙና ተወሰደ፤ ጭንቅላታቸውም በኤምአርአይ ተነሳ። የፕሮስቴት ካንሰር ነው። የራስ ቅላቸው ወለል አጥንት ድረስ ደርሶ የዓይናቸውን ነርቭ ተጭኖታል።

"ጨርሶ አይጠፋም፤ ግን ልናዳክመው እንችላለን" አለን ሐኪሙ።

አባቴ ቀና አሉ። "እንግዲያው እናዳክመው! ምን ትጠብቃለህ?"

የመጀመሪያውን መርፌ ተወጉ፤ የጨረር ቀጠሮም ተያዘ። ማመላለሱን እህቴ ተረከበችኝ።

ደብረ ማርቆስ ስገባ ባለቤቴ ሻንጣዬን እየተቀበለ፣ "ዓይናቸው ምን ሆኖ ነው?" አለኝ። በሽታውን በስሙ ጠርቼ ነገርሁትና፣ "አንተስ፣ ሽንትህ እንዴት ነው?" አልሁት።

"ኧረ አንቺ ሴት፣ ገና በር ላይ!"

"በር ላይም ቢሆን ተናገር።"

ሻንጣውን አስቀመጠና፣ "ከፋሲካ ወዲህ ትንሽ..." ብሎ ጀመረ።